ዓይን ሲሸፈን ጆሮ ምን ይላል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ድምፅ መሣሪያዎች ነው። በተለይም «ሃይ-ፋይ» ስለሚባሉት፣ ሙዚቃን ሳያዛቡ በጥራት ያሰማሉ ተብለው ስለሚሸጡት ስፒከሮች፣ አምፕሊፋየሮች፣ ሸክላ ማጫወቻዎችና ገመዶች እናወራለን። በእነዚህ ዕቃዎች ዙሪያ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያላባራ ክርክር አለ። አንዱ ወገን «ይህ ገመድ ከዚያኛው ይበልጣል፤ ጆሮዬ ምስክሬ ነው» ይላል። ሌላው ወገን «እንግዲያው ዕቃው በመጋረጃ ይሸፈንና ጆሮህ ያኔ ይመስክር» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሰዎች ለዓመታት ያጠራቀሙትን ገንዘብ የሚያወጡበት ጉዳይ ስለሆነ፣ እውነቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። በነገራችን ላይ ዛሬ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ከእናንተው ጋር አንድ ሙከራ እናድርግ። አንድ የክራር ዜማ ሁለት ጊዜ እናሰማችኋለን። የትኛው ጠርቶ እንደሚሰማችሁ ልብ ብላችሁ አዳምጡ።

(የክራር ቅንጭብ፣ 15 ሰከንድ)

(ያው ቅንጭብ፣ በ1 ዴሲቤል ከፍ ብሎ፣ 15 ሰከንድ)

እንዲህ ባለ ሙከራ ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይመርጣል። «እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይሰማል»፣ «ይበልጥ ቀርቦ ይሰማል» የሚሉ መልሶች የተለመዱ ናቸው። ቅጂው ግን አንድ ነው፤ መሣሪያውም አንድ ነው። የስቱዲዮ ባለሙያችን ያደረገው ነገር ቢኖር ሁለተኛውን በ1 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው፤ 1 ዴሲቤል «ድምፁ ጨምሯል» ብሎ ለመናገር የማያስደፍር ትንሽ ልዩነት ነው። ጆሯችን ልዩነቱን ይቀበለዋል፤ የሚቀበለው ግን እንደ ጥራት እንጂ እንደ መጠን አይደለም። ሁለት መሣሪያዎችን በትክክል ማወዳደር የሚፈልግ ባለሙያ መጀመሪያ የሁለቱን ድምፅ በመለኪያ እስከ 0.1 ዴሲቤል ድረስ እኩል የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው። ሱቅ ገብተን አንዱ አምፕሊፋየር ተነቅሎ ሌላው ሲሰካልን ይህን ጥንቃቄ የሚያደርግ ሻጭ ማግኘት ከባድ ነው። ገዢው «ሰማሁት እኮ!» ሲል እውነቱን ነው፤ የሰማውን ልዩነት ያመጣው ግን መሣሪያው ላይሆን ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

የክርክሩ ሥር ሩቅ ነው። ቶማስ ኤዲሰን የሸክላ ማጫወቻውን ለማስተዋወቅ በ1915 በአሜሪካ ከተሞች እየተዘዋወረ የሚቀርብ ትዕይንት ጀመረ። ዘፋኟ መድረክ ላይ ከማጫወቻው አጠገብ ትቆማለች። ሸክላው የራሷን ድምፅ ሲያሰማ አብራ ትዘፍናለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች፣ ደግሞ ትቀጥላለች። አንዳንድ ጊዜ መብራቱ ይጠፋና ታዳሚው የሚሰማው ሰውን ይሁን መሣሪያን እንዲለይ ይጠየቃል። በ1916 ትዕይንቱ በኒውዮርኩ ካርኔጊ አዳራሽ ሳይቀር ቀርቧል። ብዙ ታዳሚ «መለየት አልቻልንም» ብሎ ወጣ፤ ጋዜጦችም ይህንኑ ጻፉ።

በዚያ ዘመን ማይክሮፎን ለሸክላ ቅጂ አይውልም ነበር። ዘፋኙ ወደ ትልቅ ቀንድ መሰል መቀበያ እየጮኸ፣ የድምፁ ግፊት ብቻ መርፌውን እያንቀሳቀሰ የተቀዳ ቅጂ ነው ታዳሚው የሰማው። ዛሬ ብንሰማው ከሰው ድምፅ ጋር ማንም አያምታታውም። ታዲያ ያ ሁሉ ታዳሚ እንዴት ተሳሳተ? ከትዕይንቱ ዘፋኞች አንዷ የነበረችው አና ኬስ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደተናገረችው፣ ድምፅዋን ከመሣሪያው ጋር እንዲመሳሰል አድርጋ ትዘፍን ነበር። ታዳሚውም የመጣው ተአምር ሊሰማ ነው። ተዘጋጅቶ የመጣውን ሰምቶ ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። እነዚያ ሰዎች ውሸታሞች አልነበሩም፤ ጆሯቸውም የታመመ አልነበረም። የምንሰማውን ነገር የሚሠራው አእምሯችን ነው። አእምሮ ደግሞ ከጆሮ የመጣለትን ብቻ ይዞ አይፈርድም። ዓይን ያየውን፣ ዋጋው የነገረውን፣ ወዳጅ ያወራውን ሁሉ ይቀላቅላል። አንድ ሰው 7,000 ዶላር አውጥቶ የገዛው ገመድ የተሻለ ድምፅ ሰጠኝ ቢል በእርግጥም የተሻለ ሰምቷል። ጥያቄው ያ መሻሻል ከገመዱ መጣ ወይስ ከዋጋው የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ ደግሞ ዕቃውን ከዓይን መሰወር ብቻ በቂ ነው።

መሰወር ሁልጊዜ የጥራት ወዳዶችን አያሳፍርም፤ አንዳንድ ጊዜ የሚያሸንፉት እነርሱ ናቸው። ይህን የሚያሳይ፣ እኛንም የሬዲዮ ሰዎችን የሚመለከት ታሪክ አለ። በ1945 በአሜሪካው የሲቢኤስ ሬዲዮ ሁለት ተመራማሪዎች አድማጮችን ሲጠይቁ፣ አብዛኛው ሰው ቀጭን ድምፆች የተቆረጡበትን ጠባብ ድምፅ እንደሚመርጥ አገኙ። ከዚህ ተነስተው «ሕዝቡ ጥራት አይፈልግም፤ ርካሹ ሬዲዮ ይበቃዋል» ያሉ ነበሩ። ሃሪ ኦልሰን የተባለው የአርሲኤ ኩባንያ ሳይንቲስት ግን በዚህ አልተስማማም። በ1947 ያደረገው ሙከራ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ሸክላም፣ አምፕሊፋየርም፣ ስፒከርም ተወው። እውነተኛ ሙዚቀኞችን ሰበሰበና በእነርሱና በአድማጮች መካከል ድምፅ የሚያሳልፍ፣ ዓይን ግን የማያሳልፍ መጋረጃ ዘረጋ። ከመጋረጃው ኋላ የሚከፈትና የሚዘጋ ማጣሪያ አቆመ። ማጣሪያው ሲዘጋ ከ5,000 ኸርዝ (በሴኮንድ 5,000 ንዝረት) በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ይታገዳል፣ ሲከፈት ሁሉም ያልፋል። አድማጮቹ መቼ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ አያዩም። ከሦስቱ ሁለት የሚሆኑት ማጣሪያው የተከፈተበትን ሙሉውን ድምፅ መረጡ።

ለካ በፊተኛው ሙከራ ሰዉ የጠላው ጥራትን አልነበረም። የዚያ ዘመን መሣሪያ ቀጭን ድምፆችን ሲያወጣ እያዛባና እያንሿሿ ስለነበር፣ አድማጩ የሸሸው መዛባቱን ነው። መሣሪያው ሲወገድና ንጹሑ ሙዚቃ ሲቀርብ ምርጫው ተለወጠ። የሃይ-ፋይ ወዳዶች ትክክል ነበሩ፤ ትክክል መሆናቸውን ያረጋገጠላቸውም መጋረጃው ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ዕቃ ሸፍኖ መፈተንን እንደ ስድብ የሚቆጥሩ ሰዎች የሚያሳዝኑኝ። ፈተናው ጠላታቸው አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ብዙ ወደሚያከራክረው ወደ ገመድ እንምጣ። ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር የሚሄደው ሽቦ ሥራው ኤሌክትሪክ ማድረስ ነው። ዋናው ጠባዩ ሬዚስታንሱ ነው፤ ማለትም ለኤሌክትሪኩ መንገድ ምን ያህል ያጠብበታል የሚለው። ሽቦ ሲረዝምና ሲቀጥን ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ ሲያጥርና ሲወፍር ይቀንሳል። የቤት ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ ባለሙያ የሚያውቀውን ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ እንውሰድ። ስፒከሩ ከአምፕሊፋየሩ 5 ሜትር ቢርቅ፣ መሄጃና መመለሻ ሲደመር 10 ሜትር ሽቦ ይሆናል። የዚህ ሁሉ ሬዚስታንስ ከ0.12 ኦም አይበልጥም። ስፒከሩ 8 ኦም ከሆነ ሽቦው የሚነካው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በሙያው እንደ ልምድ የተያዘው ልክ፣ የሽቦው ሬዚስታንስ ከስፒከሩ 5 በመቶ እንዳያልፍ ነው፤ ለ8 ኦም ስፒከር 0.4 ኦም ማለት ነው። እኛ ገና ሲሶው ላይ ነን።

በ1983 «ስቴሪዮ ሪቪው» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ይህንኑ በጆሮ አስፈተነ። የገመዶቹ ርዝመት 9 ሜትር ያህል ነበር። አንዱ ስመ ጥር ወፍራም ገመድ፣ ሁለተኛው በመጠኑ ወፈር ያለ ተራ ሽቦ፣ ሦስተኛው እንደ ስልክ ሽቦ የቀጠነ። በሙዚቃ ሲፈተኑ አድማጮቹ ስመ ጥሩን ገመድ ወፈር ካለው ተራ ሽቦ ሊለዩት አልቻሉም። ቀጭኑን ግን ሹ… የሚል ወጥ ድምፅ እየተለቀቀ ሲፈተን ለይተውታል። ለምን ቢባል፣ በዚያ ርዝመት የቀጭኑ ሽቦ ሬዚስታንስ ወደ 1.5 ኦም ይደርሳል። ይህ ደግሞ የስፒከሩን ድምፅ ይቀንሳል፣ ሚዛኑንም ያዛባል። እንግዲህ «ገመድ ሁሉ አንድ ነው» የሚለውም ስሕተት ነው፤ በጣም ቀጭን ሽቦ በረጅሙ መዘርጋት ይጎዳል። ከበቂ ውፍረት በኋላ ግን የሚጨመረው ገንዘብ ወደ ጆሮ አይደርስም።

በ2007 የገመድ ክርክር ዓለም አቀፍ ወሬ ሆኖ ነበር። አስማት ተብዬዎችን በማጋለጥ የሚታወቀው ጄምስ ራንዲ፣ 7,250 ዶላር የሚሸጥ አንድ የስፒከር ገመድ በተሸፈነ ፈተና ከተራው የሚለይ ሰው ከተገኘ ድርጅቱ ያዘጋጀውን የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ማይክል ፍሬመር የተባለ የታወቀ የድምፅ መሣሪያ ገምጋሚ «እሺ፣ እኔ እቀርባለሁ» አለ። ነገር ግን ገመዱን የሚሠራው ኩባንያ ወደ ኋላ አለ፤ ፈተናውም ሳይካሄድ ቀረ። በዚህ የተነሳ «ገመዱ ወደቀ» ማለት አንችልም፤ አልተፈተነምና። ፍሬመር ለመፈተን ፈቃደኛ መሆኑን ግን አከብራለሁ።

ስለ ኤሌክትሪክ መሰኪያ ገመድም እንዲሁ ብዙ ይወራል። ከማመንጫ ጣቢያ እስከ ቤታችን ቆጣሪ፣ ከቆጣሪውም እስከ ግድግዳው ሶኬት ድረስ ኤሌክትሪኩ የሚመጣው በተራ ሽቦ ነው። የመጨረሻዋ አንድ ሜትር ተኩል በብር ብትለበጥ ያለፈውን አታስተካክልም። ከዚያም በላይ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ያለው ክፍል ይህን ኤሌክትሪክ መልሶ ያጣራዋል። በአገራችን መብራት ከ220 ቮልት ከፍና ዝቅ ሲል ስታቢላይዘር መግዛት ተገቢ ነው፤ የሚገዛው ግን ዕቃው እንዳይቃጠል እንጂ ዜማው እንዲያምር አይደለም።

በ1990 ገደማ ደግሞ የሲዲን ጠርዝ በአረንጓዴ ቀለም መቀባት ድምፁን ያጠራል ተብሎ ብዙ ሰው እስክሪብቶ ይዞ ነበር። ሲዲ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ቀለም ሲቀባ አይለወጥም። በዚህ ላይ ጊዜ ባናጠፋ ይሻላል።

(አጭር ሙዚቃ)

የአምፕሊፋየሩ ነገር ከገመዱ ይልቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱም አምፕሊፋየሮች በእርግጥ ሊለያዩ ይችላሉ። በ1985 ቦብ ካርቨር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ «ስቴሪዮፋይል» ለተባለው መጽሔት አንድ ጥሪ አቀረበ። «እጅግ የምታደንቁትን አምፕሊፋየር ምረጡ፤ እኔ የራሴን ርካሽ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር በ48 ሰዓት ውስጥ እንደ እርሱ እንዲሰማ አደርገዋለሁ» አለ። አዘጋጆቹ ብዙ እጥፍ የሚያወጣ፣ አምፖል በሚመስሉ ቲዩቦች የሚሠራ የቲዩብ አምፕሊፋየር መረጡለት። ካርቨር ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አንድ ሆቴል ክፍል ገብቶ ሥራውን ጀመረ።

ዘዴው ቀላልና ብልኅ ነው። ለሁለቱም አምፕሊፋየሮች አንድ ዓይነት ሙዚቃ ይሰጣቸዋል። ከዚያ ከሁለቱ የሚወጣው እርስ በርሱ እንዲጠፋፋ ተደርጎ ይቀነስና የተረፈው ብቻ በስፒከር ይሰማል። ሁለቱ ፍጹም አንድ ቢሆኑ የሚተርፈው ዝምታ ነበር። መጀመሪያ ላይ በእርግጥም የተረፈ ድምፅ ነበር፤ ልዩነት አላቸው ማለት ነው። ካርቨር አንዱን ሬዚስተር ነቅሎ ሌላ እየተካ፣ እየለካ፣ እያዳመጠ ልዩነቱን ከሙዚቃው በ70 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አደረገው። የመጽሔቱ አዘጋጆች፣ ጆሯቸው ሥራቸው የሆነ ሰዎች፣ ሁለቱን መለየት አቃታቸው። ይህንንም ራሳቸው ጻፉት። በኋላ ለገበያ የወጣው ሞዴል ያን ያህል ይመሳሰላል አይመሳሰልም በሚለው ላይ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሥቷል፤ የሆቴሉ ክፍል ውጤት ግን አልተሻረም።

ከዚህ የምንረዳው «አምፕሊፋየር ሁሉ አንድ ነው» የሚለውን አይደለም። የሚሰማ ልዩነት ካለ የሚለካ ምክንያት አለው የሚለውን ነው። ከተለካ ደግሞ ያለ ምሥጢርና ያለ ብዙ ሺህ ዶላር ሊሠራ ይችላል።

ሌላው ትልቅ ክርክር ሸክላ ወይስ ዲጂታል የሚለው ነው። «ሲዲ ድምፁን ቆራርጦ እንደ ደረጃ ያደርገዋል፤ ሸክላ ግን ሙሉውን ይይዛል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሲዲ በ1982 ሲወጣ ሶኒና ፊሊፕስ የወሰኑት ልክ በሴኮንድ 44,100 ናሙና ነው። ክሎድ ሻነን በ1949 ባሳተመው ሥራ እንደተረጋገጠው፣ አንድ ድምፅ ከከፍተኛው ፍሪኩዌንሲው እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ናሙና ከተወሰደለት፣ ድምፁን ከናሙናዎቹ መልሶ ሙሉ ማድረግ ይቻላል። የጤነኛ ወጣት ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ይህ እየቀነሰ ይሄዳል። የ20,000 እጥፍ 40,000 ነው፤ 44,100 ከዚያ ይበልጣል። ከማጫወቻው የሚወጣው ለስላሳ ሞገድ ነው፤ ደረጃ የለውም።

ሆኖም ሸክላ ወዳዱ «ሸክላው ያምራል» ሲል የሚከራከርበት እውነተኛ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ብዙ ሲዲዎች ከሌላው በልጠው እንዲጮኹ ሲባል ዝቅተኛው ድምፅ ከፍ፣ ከፍተኛው ዝቅ እየተደረገ ተጨፍልቀው ወጥተዋል። የሸክላው ቅጂ ግን ለብቻው በጥንቃቄ ተዘጋጅቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሸክላው በእርግጥ ይሻላል። የተሻለው ግን በአዘጋጁ እጅ እንጂ አናሎግ በመሆኑ አይደለም። እኛም አገር አምሃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የወጡትን ዘፈኖች በዋናው ሸክላ መስማት የሚወድ ሰው አለ። ያ ፍቅር ማስረጃ አይጠየቅም። ማስረጃ የሚጠየቀው «በዲጂታል ሊገኝ የማይችል ነገር አለው» ሲባል ነው።

ይህን የሚያሳይ ክስተት በ2022 በአሜሪካ ተፈጠረ። ሞባይል ፊዴሊቲ የተባለው ኩባንያ ከዋናው ቴፕ በልዩ ጥንቃቄ የሚሠሩ ሸክላዎችን በመሸጥ የታወቀ ነው፤ አንዳንዱ 125 ዶላር ይሸጥ ነበር። ገዢዎቹ «ይህ ነው ንጹሕ አናሎግ!» እያሉ ለዓመታት አወድሰዋቸዋል። በዚያ ዓመት የኩባንያው መሐንዲሶች ራሳቸው እንዳረጋገጡት፣ ከ2011 ጀምሮ ብዙዎቹ በመሀል በዲጂታል ፋይል ያለፉ ናቸው። ቁጣ ተነሣ፣ ክስ ተመሠረተ፣ ጉዳዩም እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ካሣ በስምምነት አለቀ። ገዢዎቹ መቆጣታቸው ትክክል ነበር፤ የተነገራቸው ሌላ፣ የተሰጣቸው ሌላ ነውና። ግን ልብ እንበል፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በዓለም ላይ እጅግ የሠለጠነ የሚባለው ጆሮ በሸክላዎቹ ውስጥ ዲጂታሉን አልሰማውም። ሸክላዎቹም መጥፎ አልነበሩም፤ ያማሩ ናቸው።

ከሲዲ በላይ ጥራት አላቸው ስለሚባሉት ቅጂዎችም ጥናት አለ። በ2007 የወጣ የቦስተን ጥናት፣ ከፍተኛ ጥራት ያለውን ቅጂ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ ወደ ሲዲ ልክ ዝቅ አድርጎ አሰምቶ አድማጮችን ጠየቀ። ከ554 ሙከራ በትክክል የተመለሰው 276 ነው። ሳንቲም ወርውሮ ዘውድ ወይስ ጎፈር ከማለት አይለይም። በ2016 ደግሞ የለንደኑ የኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆሹዋ ራይስ 18 ጥናቶችን ደምሮ ሲመረምር፣ ትክክለኛው መልስ 52.3 በመቶ ሆኖ አገኘው። ከግማሽ ጥቂት ከፍ ያለ ነው፤ የሠለጠኑ አድማጮች ደግሞ ከዚያ የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። እንግዲህ ልዩነቱ ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም። ነገር ግን «ሌሊትና ቀን ነው» የሚለው ማስታወቂያ ከ52.3 በመቶ ጋር አይታረቅም።

(አጭር ሙዚቃ)

የተሸፈነ ፈተናን የሚቃወሙ ሰዎች ክርክራቸውን እናክብር። «ፈተና ያስጨንቃል፤ በጭንቀት ውስጥ ጆሮ አይሠራም፤ ልዩነት የሚታወቀው በወራት ማዳመጥ ነው» ይላሉ። ጭንቀት መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ፈተናው በሰው ፊት፣ በሩጫ መሆን አለበት ያለ የለም። በገዛ ቤታችን፣ በምንወደው ሙዚቃ፣ ለሳምንታት ሊደረግ ይችላል። ደግሞም እነዚሁ ሰዎች ገመድ ሲቀይሩ «ወዲያው ነው የሰማሁት» ይላሉ። ዓይን ሲያይ በቅጽበት የተሰማ ልዩነት ዓይን ሲሸፈን ወራት የሚፈልግ ከሆነ፣ ልዩነቱን የያዘው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 ይህንን በ40 አድማጮች አሳይተዋል። አራት ስፒከሮች አንዴ እየታዩ፣ አንዴ ከመጋረጃ ኋላ ሆነው ውጤት ተሰጣቸው። ሲታዩ ትልልቆቹና ውዶቹ ነጥባቸው ከፍ አለ፤ ርካሹና ትንሹ ወረደ። መጋረጃው ሲዘረጋ ልዩነቱ ጠበበ። የሚገርመው ሌላ ነው፤ ስፒከሩ በክፍሉ ውስጥ የተቀመጠበት ቦታ ድምፁን በእርግጥ ይለውጠዋል፣ አድማጮቹ ግን ስፒከሩን እያዩ ሲሰሙ ይህን እውነተኛ ለውጥ ብዙም አላስተዋሉትም። ዓይን የሌለውን ማሰማት ብቻ ሳይሆን ያለውንም ይጋርዳል።

እንግዲህ ገንዘቡ የት ይዋል? ያለ ጥርጥር ስፒከር ላይ፣ ቀጥሎም ክፍሉ ላይ። ስፒከሮች እርስ በርስ የሚለያዩት ማንም በሚሰማው መጠን ነው፤ ክፍሉም እንዲሁ። ርዝመቱ 4 ሜትር በሆነ ክፍል 43 ኸርዝ ገደማ ያለው ወፍራም ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ያብጣል። አንድ ወንበር ላይ ቤዙ ይደልቃል፣ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ሲሉ ይጠፋል። በሠርግ ቤት ሞንታርቦ ጥግ ላይ ሲተከል ቤዙ እንዴት ቤቱን እንደሚያንቀጠቅጥ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ግድግዳዎቹ እየመለሱት ነው። ዛሬ የምንኖርባቸው ብዙ ቤቶች የብሎኬት ግድግዳና የሴራሚክ ወለል አላቸው። በእንዲህ ዓይነት ክፍል ያጨበጨበ ሰው የጭብጨባው ድምፅ ሲንጫጫ ይሰማል። ወፍራም ምንጣፍ ሲነጠፍ፣ ከባድ መጋረጃ ሲሰቀል፣ መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ ሲቆም ጫጫታው ይረጋል። ሁለቱን ስፒከሮች ከጥግ አርቃችሁ፣ ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ክፍላቸው ከጆሯችሁ ቁመት ጋር እንዲስተካከል አድርጋችሁ፣ እናንተም ከሁለቱ እኩል ርቀት ላይ ብትቀመጡ፣ የትኛውም ገመድ የማይሰጠውን ለውጥ ትሰማላችሁ። ወጪውም ኢምንት ነው።

ከመሣሪያው ሁሉ የሚቀድመው ደግሞ ጆሮው ራሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በ80 ዴሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ነው። ድምፁ 90 ዴሲቤል ከደረሰ 40 ሰዓቱ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። የተጎዳ የመስማት ሕዋስ መልሶ አይበቅልም። ለወጣት አድማጮቻችን በተለይ፣ ኤርፎናችሁን ዝቅ አድርጉ።

ቤታችሁ ሆናችሁ መሞከር ለምትፈልጉ አሠራሩን እንንገራችሁ። ሁለት ገመድ ወይም ሁለት አምፕሊፋየር ይኑራችሁ፤ ድምፃቸው በመለኪያ እኩል ይሁን። ወንድማችሁ ወይም ልጃችሁ ከመጋረጃ ኋላ ሆኖ በእያንዳንዱ ዙር ሳንቲም ይወርውር። ዘውድ ከወጣ አንዱን፣ ጎፈር ከወጣ ሌላውን ያጫውት፤ የወጣውንም ይጻፍ። እናንተ ደግሞ ከወዲህ የቱ እንደሆነ ጻፉ። በየዙሩ ዕቃው ባይቀየርም ነቅሎ የመሰካቱ ኮሽታ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አለበለዚያ ኮሽታው ይነግራችኋል። ፊቱንም አትዩ። 16 ጊዜ ደጋግሙና ወረቀቶቹን አስተያዩ። 12 ወይም ከዚያ በላይ ካገኛችሁ፣ እንዲያው በግምት ያን ያህል የማግኘት ዕድል ከመቶ 4 ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የሰማችሁት ነገር ሳይኖር አይቀርም። 8 ወይም 9 ከሆነ ግን ርካሹን ይዛችሁ ትርፉን ገንዘብ ለሙዚቃው አውሉት፤ ኮንሰርት ግቡበት፣ የምትወዱትን ድምፃዊ ሥራ በሕጋዊ መንገድ ግዙበት።

ውድና የሚያምር መሣሪያ መውደድ ነውር አይደለም። በእንጨት የተሠራ ውብ ስፒከር ቤት ውስጥ ማስቀመጥ፣ የቲዩብ አምፕሊፋየር በጨለማ ሲያበራ ማየት ደስ ይላል፤ ለዚያ ደስታ የሚከፍል ሰው ሙሉ መብቱ ነው። የምንቃወመው ያ ደስታ የድምፅ ጥራት ነው ተብሎ ለማያውቅ ሰው ሲሸጥ ብቻ ነው። ስለዚህ አድማጮቻችን፣ የድምፅ መሣሪያ ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት፤ የሁለቱን ዕቃ ድምፅ እኩል እንዲያደርግላችሁ፣ ከዚያም የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሳይነግራችሁ እንዲያሰማችሁ። እምቢ ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)